አሰልጣኙ ሲሄድ ማን ይከተለዋል? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦልና የቡድን ባህል

ሌን ኪፈን የኦል ሚስን የፉትቦል ቡድን ለስድስት ዓመት አሰልጥኗል። ኦል ሚስ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሚጠራበት ስም ነው። በ2025 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቡድኑ ከ12 ጨዋታ 11ዱን አሸነፈ። ለፕሌይኦፍ፣ ማለትም የአገሪቱ ሻምፒዮን ለሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ለማለፍም ተቃረበ። ኖቬምበር 28 ጎረቤቱን ሚሲሲፒ ስቴትን 38 ለ 19 ረታ። ከሁለት ቀን በኋላ ኪፈን ቡድኑን ጥሎ ወደ ተቀናቃኙ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ኤልኤስዩ፣ በረረ። ኦክስፎርድ ኤርፖርት ድረስ የመጡ ደጋፊዎች በስድብ ሸኙት።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሁለት መልክ ይዟል። አንዱ ወገን ሰውየው ከሃዲ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሥራ ነው፣ የተሻለ ያገኘ ይሄዳል ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ጠባይ ነው። ነገሩ ግን ከኪፈን ይሰፋል። አንድ አሰልጣኝ ሲነሳ ዛሬ ረዳቶቹ፣ ተጫዋቾቹ፣ ገና ያልገቡት ምልምሎች፣ ከዚያም አልፎ የዩኒቨርሲቲው በጀት አብረው ይነቃነቃሉ። የቡድን ባህል የሚባለውም እዚህ ውስጥ ነው የሚሠራው ወይም የሚፈርሰው።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ እኛ ከለመድነው እግር ኳስ ሌላ ነው፤ በእንቁላል ቅርጽ ኳስ፣ በራስ ቁርና በትከሻ መከላከያ የሚካሄደው ጨዋታ ነው። ቡድኖቹ የዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው፣ ተጫዋቾቹም ተማሪዎች ናቸው። ሆኖም በአብዛኞቹ ግዛቶች ከመንግሥት ተቀጣሪዎች ሁሉ ትልቁን ደሞዝ የሚወስደው የዩኒቨርሲቲ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ብዙውን ጊዜ የፉትቦሉ፣ አንዳንዴ የቅርጫት ኳሱ።

ማባረር ለምን ይህን ያህል ያስከፍላል

ኪፈን የገባበት ወንበር ባዶ የሆነው እሱ ከመቀጠሩ ከአንድ ወር በፊት ነው። ኤልኤስዩ በሜዳው በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 49 ለ 25 ተሸነፈ። በማግስቱ፣ ኦክቶበር 26፣ ብራያን ኬሊ ተባረረ። ኬሊ በ2021 መጨረሻ የአሥር ዓመት፣ ወደ 95 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ፈርሞ የመጣ አሰልጣኝ ነው። ውሉ ሳያልቅ ስለተሰናበተ ዩኒቨርሲቲው ላይ 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ወደቀበት።

ይህ ክፍያ ባይአውት ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ያለ በቂ ጥፋት ውሉን ሲያቋርጥ ለአሰልጣኙ የሚከፍለው ቀሪ ገንዘብ ነው። ትልቁ የሚታወቀው በ2023 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት የገባበት ነው፤ ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር።

ሁለት ዓይነት ውል እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል። በአንደኛው አሰልጣኙ ሌላ ሥራ ሲያገኝ አዲሱ ደሞዙ ከዕዳው ላይ ይቀነሳል። በሌላኛው አይቀነስም፤ ቢሠራም ባይሠራም ሙሉውን ይቀበላል። የፊሸር ውል ሁለተኛው ዓይነት ነበር። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ጄምስ ፍራንክሊን ግን ኦክቶበር 12 ቀን 2025 ሲሰናበት ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ይገባው ነበር። በማግስቱ ወር ቨርጂኒያ ቴክ ቀጠረውና በድርድር ዕዳው ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ። በውሉ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ አርባ ሚሊዮን ዶላር ታወጣለች ማለት ነው።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ውል ለምን ይፈርማሉ? ስለሚፈሩ ነው። አንድ ትልቅ ቡድን አሰልጣኙን ሲያባርር የሌሎች አሰልጣኞች ወኪሎች ስልክ ይጮሃል። ፔን ስቴት ፍራንክሊንን ባሰናበተ በአራተኛው ቀን ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ለአሰልጣኙ ለከርት ሲግኔቲ በዓመት ወደ 11.6 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ አዲስ ውል አስፈረመ። ሲግኔቲ የትም አልሄደም። የሌላ ቤት በር መከፈቱ ብቻ ደሞዙን አሳደገው።

የፖለቲካው እጅም አለበት። የሉዊዚያና ገዥ ጄፍ ላንድሪ ኬሊ በተባረረ በቀናት ውስጥ በአደባባይ ወጥተው የኤልኤስዩ የስፖርት ዳይሬክተር ስኮት ውድዋርድ ቀጣዩን አሰልጣኝ አይመርጥም አሉ። ውድዋርድ ፊሸርን ለቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የቀጠረው ያው ሰው ነው። በማግስቱ ከሥራው ለቀቀ። ገዥው በትልልቅ ውሎች ላይ ያነሱት ቅሬታ መሠረት ነበረው። ሆኖም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ዩኒቨርሲቲ ኪፈንን በዓመት ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሰባት ዓመት ቀጠረ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው የዩኒቨርሲቲዎቹ መልስ የታወቀ ነው። ከትምህርት በጀት አይደለም፤ ከቴሌቪዥን ገቢ፣ ከትኬትና ከለጋሾች ነው ይላሉ። በትልልቆቹ ዘንድ ይህ በአመዛኙ እውነት ነው። ግን ሰው ለምን እንደሚበሳጭ ለመረዳት አይከብድም። ፔን ስቴት ፍራንክሊንን ካሰናበተበት ቀን አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ተማሪ ቀነሰ፣ ወጪ በዛ ብሎ ሰባት ቅርንጫፍ ካምፓሶቹን ለመዝጋት ወስኖ ነበር። ሁለቱ ኪስ የተለያየ ሊሆን ይችላል። የሚያየው ሕዝብ ግን አንድ ነው።

የዲሴምበር ግጭት

ኪፈን ለምን ፕሌይኦፉ እስኪያልቅ አልጠበቀም? መልሱ ካላንደሩ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚፈርሙበት ዋናው ቀን ዲሴምበር 3 ነበር። ፕሌይኦፉ ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድኖችን ስለሚይዝ እስከ ጃንዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ ይዘልቃል። ጃንዋሪ 2 ደግሞ ትራንስፈር ፖርታል ተከፈተ። ፖርታል ቡድን መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት መዝገብ ነው። ስሙ እዚያ ከገባ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊያነጋግረው ይችላል። ስለዚህ አዲስ አሰልጣኝ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ እስከ ጃንዋሪ ከጠበቀ ባዶ ቤት ይረከባል።

እዚህ ላይ ሁለት ውሳኔዎችን ጎን ለጎን ማየት ደስ ይለኛል። ኪፈን ኦል ሚስን በፕሌይኦፉ ላሠልጥን ብሎ ጠየቀ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ኪት ካርተር አይሆንም አሉት። የመከላከል ክፍሉን ይመራ የነበረውን ፒት ጎልዲንግን በጊዜያዊነት ሳይሆን በቋሚነት ዋና አሰልጣኝ አደረጉት። በቱሌን ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ነገር ገጠመ። ጆን ሰምራል በፍሎሪዳ ተቀጠረ፤ ቱሌን ግን እስከ መጨረሻው አሠልጥን አለው።

ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ቱሌን አነስተኛ ሊግ ውስጥ ነው። ፍሎሪዳ በቀጥታ አይፎካከረውም። ኦል ሚስና ኤልኤስዩ ግን አንድ ሊግ ውስጥ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ልጆችን ያድናሉ። አሰልጣኙ ቀን ከተጫዋቾቹ ጋር እየዋለ ማታ ለተቀናቃኝ ሊመለምላቸው ይችላል። ተጫዋቾቹ ዓመቱን ሙሉ የለፉለትን ዕድል ከለመዱት መሪ ጋር ይጨርሱ የሚለውም ቀላል ክርክር አይደለም። እኔ ካርተር ልክ ነበሩ እላለሁ። በሩን ዘግቶ የወጣ ሰው ቁልፉን ማስረከብ አለበት።

አጋጣሚ ኦል ሚስንና ቱሌንን በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር አገናኛቸው። ኦል ሚስ 41 ለ 10 አሸነፈ። ቀጥሎ በመደበኛው ውድድር ብቸኛ ሽንፈቱን ያደረሰበትን ጆርጂያን 39 ለ 34 ጣለ። በግማሽ ፍጻሜው በማያሚ 31 ለ 27 ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ለኤልኤስዩ የተቀጠሩ የማጥቃት ክፍል ረዳቶች ነበሩ፤ ዋናው አስተባባሪ ቻርሊ ዋይስ ጁኒየር ጭምር። አዲሱ ቤታቸው ፈቅዶላቸው ለአሮጌው ቤት ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ብዙ አልታየም።

ከዚህ ተነስተው አንዳንዶች አሰልጣኝ ያን ያህል አያስፈልግም ማለት ጀምረዋል። አልስማማም። ኦል ሚስ የቆመው የመከላከሉ መሪ፣ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመራው ተጫዋች፣ ትሪኒዳድ ቻምብሊስና አብዛኞቹ ተጫዋቾች ስለቀሩ ነው። ሄደ የተባለው ኪፈን እንጂ ቡድኑ አልነበረም።

ባህል በማን እጅ ነው

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ አዲስ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫው ባህል እገነባለሁ ይላል። ቃሉ ብዙ ስለተባለ ለዝቷል። በተግባር ሲታይ ግን የሚዳሰስ ነገር ነው። ስብሰባ ላይ ማን ይዘገያል? የተጎዳ ልጅ ለማን ይናገራል? ልምምድ ላይ ስህተት ሲሠራ ማን ያርመዋል፣ አሰልጣኙ ወይስ ከጎኑ ያለው አንጋፋ ተጫዋች? ይህን የሚወስኑት ሰዎች ናቸው።

ከሰዎቹም አንዱን ብዙ ተመልካች አያውቀውም። የአካል ብቃት አሰልጣኙ ነው። ውድድር በሌለበት ወራት የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ዋናው አሰልጣኝና ረዳቶቹ ከተጫዋቾች ጋር የሚያሳልፉትን ሰዓት በጥብቅ ይገድባል። በእነዚያ ወራት ልጆቹን በየማለዳው ክብደት ማንሻ ክፍል የሚያገኛቸው እሱ ነው። ዋናው አሰልጣኝ በቴሌቪዥን የሚናገረውን እሱ ጠዋት በ12 ሰዓት ሥራ ላይ ያውለዋል። ወይም ያፈርሰዋል።

የኢንዲያናን ታሪክ በዚህ ዓይን ነው ማየት ያለብን። ኢንዲያና በ2023 ከ12 ጨዋታ ሦስት ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። በትልቁ ዲቪዚዮን ታሪክ እንደ እሱ ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ሲግኔቲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ መጣ። በሁለተኛ ዓመቱ ቡድኑ 16 ተጫውቶ 16 አሸነፈ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ።

ተአምር ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ሲግኔቲ ብቻውን አልመጣም። የማጥቃት አስተባባሪው፣ የመከላከል አስተባባሪውና የአካል ብቃት አሰልጣኙ አብረውት ከጄምስ ማዲሰን መጡ። 13 ተጫዋቾችም በፖርታል ተከተሉት። ስለዚህ የኢንዲያና ነባር ልጆች አዲስ ደንብ በንግግር አልተማሩም። ደንቡን ለዓመታት የኖሩ እኩዮቻቸው መልበሻ ክፍል ውስጥ ከጎናቸው ነበሩ። ጥያቄ ሲኖር ማን ጋ እንደሚኬድ ያውቃሉ። ባህሉ በሰው ተጭኖ ነው የመጣው።

ኮሎራዶ ደግሞ የተለየ መንገድ ነው። ዲየን ሳንደርስ በ2022 መጨረሻ ሲረከበው ቡድኑ ከ12 አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር ያሸነፈው። በመጀመሪያው ስብሰባ ለነባሮቹ ወደ ፖርታል መሄድ እንደሚችሉ በግልጽ ነገራቸው። ከ50 በላይ የስኮላርሺፕ ተጫዋቾች ለቀቁ። በመጀመሪያው ዓመት አራት አሸነፈ፣ በሁለተኛው ዘጠኝ። ልጁ ሸዱርና በማጥቃትም በመከላከልም የሚጫወተው ትራቪስ ሀንተር ወደ ፕሮፌሽናል ሲሄዱ፣ በ2025 ሦስት ብቻ። ለሳንደርስ ፍትሐዊ እንሁን። የወረሰው ቡድን የወደቀ ነበር፣ ወደ ኮሎራዶም ትኩረት አምጥቷል። ሆኖም በየዓመቱ አዲስ ሰው የሚሞላው ቤት ውስጥ ታናሹን የሚያስተምር ታላቅ አይኖርም።

በተቃራኒው ጫፍ ክሌምሰን አለ። ዳቦ ስዊኒ ከ2008 ጀምሮ እዚያው ነው። ለዓመታት ከፖርታል ተጫዋች አልወስድም፣ የራሴን አሳድጋለሁ ብሎ ቆየ። በዚህ መንገድ ሁለት ሻምፒዮና አግኝቷል፤ ሁለቱም ግን ፖርታሉ ከመስፋፋቱ በፊት። በ2025 ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ተብሎ ጀምሮ መደበኛ ውድድሩን በ7 ድልና በ5 ሽንፈት ጨረሰ። መረጋጋት ጥሩ ነው። ብቻውን ግን ውጤት አያመጣም።

ሜሪላንድ፣ 2018

እስካሁን ባህልን ከማሸነፍ ጋር አያይዘን አየን። የሚከብደው ሌላው ገጽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። ልጆቻቸውን የሚልኩበት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ የተፈጸመ ነው።

ሜይ 29 ቀን 2018 የሜሪላንድ ተጫዋቾች ተደጋጋሚ የ110 ያርድ ሩጫ ታዘዙ። የ19 ዓመቱ ጆርዳን ማክኔር መሃል ላይ መቆም አቃተው። የሙቀት ምት ነበር። ለሙቀት ምት የሚደረገው ይታወቃል፤ የሰውነትን ሙቀት ወዲያው መለካትና በበረዶ ውሃ ውስጥ መንከር። አንዱም አልተደረገም። አምቡላንስ የተጠራው ምልክቱ ከታየ አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ጁን 13 አረፈ።

በኋላ የተቋቋመ ገለልተኛ ኮሚሽን ቡድኑን የመረመረበት መንገድ ለዛሬው ርዕሳችን ዋና ነው። ኮሚሽኑ ቡድኑ መርዛማ ባህል ነበረው የሚለውን በዜና የተሰራጨ ክስ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለም። ያገኘው ነገር ግን የሚያስጨንቅ ነው። ብዙ ተጫዋቾች ለመናገር ስለሚፈሩ ችግሮች ውስጥ ውስጡን እየበሰበሱ ቆይተዋል አለ። የአካል ብቃት አሰልጣኙ በስድብና በማዋረድ የተከሰሰ ነበር። ለማን ተጠሪ እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ዋናው አሰልጣኝ ዲጄ ደርኪን የእሱ የበላይ አይደለሁም አለ፤ የስፖርት ክፍሉ ደግሞ በቅርበት አልተከታተለውም።

ኦክቶበር 30 የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ደርኪን ወደ ሥራው እንዲመለስ አደረገ። ተማሪዎችና የግዛቲቱ ፖለቲከኞች ተቆጡ። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎ የቦርዱን ውሳኔ አልፈው አሰናበቱት። ደርኪንም እንደ ሌሎቹ ወደ 5.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ባይአውት ነበረው። የማክኔር ቤተሰብ ከግዛቲቱ ጋር በ2021 በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ማየት ያማል።

አንድ ልጅ ደክሞኛል ለማለት ከፈራ፣ ያ ፍርሃት ራሱ የቡድኑ ባህል ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መፈክር አይለውጠውም። ሐኪሙ የአሰልጣኙን ትእዛዝ መሻር ከቻለ ደግሞ እሱም ባህል ነው። ትልልቆቹ ሊጎች የቡድን ሐኪሞች ውሳኔ በአሰልጣኝ እንዳይሻር የሚል ደንብ አላቸው። ደንቡ ወረቀት ላይ ቀርቶ ሜዳ ላይ መኖሩን የሚያረጋግጠው ግን እዚያ ያለው ሰው ነው።

መቀየር ያዋጣል?

በ2013 ሦስት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ከ1997 ጀምሮ ባሉት ዓመታት አሰልጣኝ የቀየሩና ያልቀየሩ ቡድኖችን አወዳድረው ነበር። በጣም ወድቀው የነበሩ ቡድኖች ቢቀይሩም ባይቀይሩም ብዙ ልዩነት አላዩም። መካከለኛ ሆነው የቀየሩት ደግሞ በቀጣዮቹ ዓመታት ካልቀየሩት ይብሱ ነበር።

ጥናቱ ከፖርታል በፊት ስለሆነ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ያን ጊዜ አዲስ አሰልጣኝ የራሱን ተጫዋቾች ለመሰብሰብ ሦስት አራት ዓመት ይፈጅበታል። ዛሬ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ይህም ኢንዲያናን ይገልጻል። ግን ጎኑን ገልብጠን እንየው። በአንድ ክረምት የሚገነባ ነገር በአንድ ክረምት ይፈርሳል። በ2024 መጀመሪያ ኒክ ሴባን ከአላባማ ጡረታ ሲወጣ፣ ከወጣት ኮከቦቹ አንዱ የነበረው ኬሌብ ዳውንስ ወደ ኦሃዮ ስቴት ተሻገረ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ኦሃዮ ስቴት ሻምፒዮን ሆነ።

ተጫዋቾች ታማኝነት አጡ የሚለው ወቀሳም እዚህ መፈተሽ አለበት። ኬሊ በ2021 ኖትር ዳምን ሲለቅ ቡድኑ 11 አሸንፎ አንዴ ብቻ ተሸንፎ ነበር፤ የፕሌይኦፍ ተስፋውም አልሞተም ነበር። አሰልጣኞች እንደፈለጉ ሲሄዱ የኖሩት ተጫዋቾች ቡድን ሲቀይሩ አንድ ዓመት ከሜዳ ውጭ እንዲቀመጡ በሚገደዱበት ዘመን ነው። ልጆቹ አሁን ያገኙት አሰልጣኞቹ ድሮም የነበራቸውን ነው።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል

ካላንደሩ ትንሽ ተሻሽሏል። የፖርታል መግቢያው ጊዜ ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል። አሰልጣኝ የተቀየረበት ቡድን ተጫዋቾች ደግሞ አዲሱ ሰው ከተቀጠረ ከአምስት ቀን በኋላ የሚጀምር የ15 ቀን መውጫ አላቸው። ይህ ለልጆቹ ይጠቅማል፤ ማን እንደሚመጣ አይተው ይወስናሉ። የፊርማው ቀን ከዲሴምበር እስካልተነሳ ድረስ ግን ሌላ ኪፈን መምጣቱ አይቀርም።

ገንዘቡ ላይ አዲስ ግፊት አለ። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ከገቢያቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት (2025-26) ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ለሁሉም የስፖርት ዓይነት ነው። የኬሊ ባይአውት ብቻውን የዚህን ጣሪያ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይበላል። ስፖርት ዳይሬክተሮች አሁን ምርጫቸው ግልጽ ሆኗል፤ ለሄደ አሰልጣኝ የሚከፈለው ብር ላለ ተጫዋች የማይከፈል ብር ነው። ስለዚህ አዲስ ደሞዝ ከዕዳ የሚቀንሰው ዓይነት ውል እየበዛ እንደሚሄድ እገምታለሁ። የደሞዙ መጠን ግን ወንበሮች በየኦክቶበሩ እስከተከፈቱ ድረስ አይወርድም።

በሚቀጥለው የቅጥር ዜና ላይ ከውሉ ቁጥር በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ከነባር ረዳቶች ማን ቀረ? የአካል ብቃት አሰልጣኙ ማን ነው፣ ተጠሪነቱስ ለማን? አንጋፋዎቹ ተጫዋቾች በ15 ቀኑ ውስጥ ወጡ ወይስ ቆዩ? ሐኪሙ አሰልጣኙን አይሆንም ማለት ይችላል? ልጁ እዚያ ለሚጫወት ወላጅ ደግሞ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል።